ሁለተኛው ዘፈን

ስለ አሜሪካዊው ዘፋኝ ማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም የሚያወራ ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ዘፈን ነው የሚያነሳው። አይፈረድበትም። ያ ሳክስፎን ሲገባ የያዙት ሥራ ይቆማል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። «ዋትስ ሃፕኒንግ ብራዘር» ይባላል። 3 ደቂቃ አይሞላም። ከመጀመሪያው ጋር ተያይዞ ስለሚሄድ ልብ ካላላችሁት መቼ እንደጀመረ ሳታውቁ ያልቃል። በሬዲዮም ብዙ አይሰማም። ይህ አልበም ከ50 ዓመት በላይ ሳያረጅ የቆየው ግን በዚህ ዘፈን ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከፓርኪንግ ልጀምር።

ዋሽንግተን ዲሲ የገባሁት በ1998 መጨረሻ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛውን ስጠቅስ እናገራለሁ።) ዲቪ ደርሶኝ ነው የመጣሁት። አንድ ወር ሳይሞላኝ ያገሬ ልጅ መሀል ከተማ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ አስገባኝ። ያኔ ዲሲ ውስጥ የትኛውም ፓርኪንግ ብትገቡ ሐበሻ አታጡም ነበር። ሥራዬ የማታ ካሼር ነው። ከመሬት በታች፣ ጠባብ የመስታወት ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ትንሽ ማሞቂያ። ክረምቱ ገና አልለመደኝም። ሁለት ካልሲ ደርቤ ነበር የምሠራው።

ከኔ ጋር መኪና የሚያቆሙት አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም። በልቤ «ጋሼ» ነበር የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። ረዥም ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ቬትናም ዘምተዋል። ይህን እሳቸው አልነገሩኝም፤ ኮፍያቸው ላይ ተጽፎ ነው ያነበብኩት።

ጋሼ ካሴትም ሲዲም የሚያጫውት አሮጌ ቴፕ ነበራቸው። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ የሬስቶራንቱ ሰው ሄዶ መኪናው ሲቀንስ ያመጡትና መስኮቴ ሥር ያስቀምጡታል። አርብ አርብ ሁልጊዜ አንድ ሲዲ ብቻ ነው፤ ይሄው አልበም። ሕግ ነበራቸው። ከመሀል አይቆረጥም፤ ዘፈን አይዘለልም። መኪና ቢመጣ እንኳን ቴፑ እየተጫወተ ሄደው ይመለሳሉ። 35 ደቂቃ ነው። ሲያልቅ ያጠፉታል፤ በላዩ ላይ ሌላ ነገር አይከፍቱም።

እንግሊዝኛዬ ያኔ ደካማ ነበር። መጀመሪያ የገባኝ ቃል «ማዘር» ነው። ከዚያ «ብራዘር»። ከዚያ «ፋዘር»። ሰውየው ቤተሰቡን አንድ በአንድ የሚጠራ መሰለኝ። ድሮ ቤታችን የሚመጣው ደብዳቤ ትዝ አለኝ። «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ» ብሎ ይጀምርና፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም ጠርቶ «እንደምን ከርመሃል» እያለ ገጹን ይሞላዋል። ዋናው ጉዳይ ሳይነገር ወረቀቱ ያልቃል። ይህ ዘፈን እንደዚያ ያለ ደብዳቤ መሰለኝ። ያኔ አላወቅኩም እንጂ ብዙም አልተሳሳትኩም ነበር።

አንድ አርብ ሌሊት ጋሼን ስለ ሁለተኛው ዘፈን ጠየቅኳቸው። ለምን ያን እንደመረጥኩ አላውቅም። ዘፋኙ ጥያቄ ሲደረድር ይሰማኝ ስለነበር ይሆናል። ድምፁን ቀነስ አደረጉትና እኔ በሚገባኝ እንግሊዝኛ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ልጁ ከጦርነት ነው የመጣው። ሰፈሩ ገብቶ አንድ ጓደኛውን አግኝቷል። ስለ ጦርነቱ አንድ ሁለት ቃል ይልና ያልፈዋል። ከዚያ ይጠይቃል። ነገሩ ጋዜጣ ላይ እንደሚባለው እየተሻሻለ ነው? ሥራ አጣሁ፤ ገንዘብ እንዲህ ጠፍቶ አያውቅም። ድሮ የምንጨፍርበት ቤት አሁንም ሰው ይጨፍርበታል? ቡድናችን ዘንድሮ ዋንጫ የሚያገኝ ይመስልሃል? አንተስ እንዴት ነህ?

ጋሼ ይህን ተናግረው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ይሄ እኔ ነኝ» አሉኝ። መኪና መጣ፤ ሄዱ።

እኔም እዚያ መስታወት ውስጥ ቀረሁ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ወንድሜ ነው።

ወንድሜ በ5 ዓመት ይበልጠኛል። በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። በ1983፣ በኛ አቆጣጠር ነው፣ በግንቦት ሠራዊቱ ሲበተን ለሳምንታት ወሬው ጠፋ። እናታችን በየቀኑ በር ላይ ትቆማለች። ሰኔ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ገባ። አንድ ጎረቤት አይቶት ነው ያስነገረን፤ እኔ ፊት ለፊት አልፌው አላወቅኩትም። እግሩ አብጦ ነበር። እናቴ አላለቀሰችም፤ ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው።

እና ወንድሜ እግሩን እየታጠበ ምን ጠየቀ መሰላችሁ? ከታች ያለው ከረምቡላ ቤት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የሰፈራችን ቡድን ክረምቱን ይጫወታል ወይ አለ። ጤፍ ስንት ገባ አለ። የጓደኞቹን ስም እየጠራ የት እንዳሉ ጠየቀ፤ የሁለቱን እናቴ ዘላ ሌላ ወሬ አነሳች። መጨረሻ ላይ «ሥራ አለ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ስለ ጦርነቱ እሱ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ሥራ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል።

ከሞት የተረፈ ሰው ስለ ትልቅ ነገር የሚጠይቅ ይመስለን ነበር። ስለ ከረምቡላ ነው የጠየቀው። ዘፈኑም የያዘው ይህንኑ ነው። እንዴት አንድ ዲትሮይት ያለ ዘፋኝ የወንድሜን ጥያቄ ሊያውቅ ቻለ? አልበሙ እንዴት እንደተሠራ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

መልሱ ቀላል ነው። ማርቪንም ወንድም ነበረው። ፍራንኪ ይባላል። ቬትናም ነበር። ከዚያ ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር፤ ሲመለስም ቁጭ ብሎ ያየውን ነገረው። ሁለተኛውን ዘፈን ማርቪን ከጄምስ ኒክስ ጋር ሲጽፈው በፍራንኪ አፍ ነው የጻፈው። ማርቪን ቬትናምን አላየም። ወንድሙን ግን ሰምቷል። ልዩነቱ ይሄ ነው። ያኔ ስለ ቬትናም የተዘፈኑ ብዙ ዘፈኖች ወይ ጦርነቱን ያወግዛሉ፣ ወይ መሪዎቹን ይረግማሉ። ይሄ ግን የተመለሰውን ልጅ ወንበር ሰጥቶ ያስቀምጠዋል።

የመጀመሪያው ዘፈን ታሪክ በብዙ ቦታ ተነግሯል፤ ባጭሩ ልለፈው። ኦቢ ቤንሰን የፎር ቶፕስ ቡድን ዘፋኝ ነው። በሜይ 1969 ካሊፎርኒያ በርክሌይ ውስጥ ፖሊስ ፒፕልስ ፓርክ በተባለው ቦታ ወጣቶችን ሲደበድብ አየ። ምን እየሆነ ነው ብሎ ከአል ክሊቭላንድ ጋር መጻፍ ጀመረ። የራሱ ጓደኞች አንዘፍነውም አሉት። ማርቪን ወሰደው፤ የራሱን ቃል ጨመረበት፤ ከራሱ ቤት ያለውን ሐዘን ጨመረበት።

ሐዘን ነበረበት። አብራው የምትዘፍነው ታሚ ቴሬል በ1967 መድረክ ላይ እቅፉ ውስጥ ወደቀች። የአንጎል ዕጢ ነበር። በማርች 1970 በ24 ዓመቷ አረፈች። ማርቪን ከዚያ በኋላ መድረክ እንቢ አለ። ጢሙን አሳደገ። የሞታውንን የተወለወለ ልብስ ጣለ። የአሜሪካ ፉትቦል ልጫወት ብሎ ልምምድ ሁሉ ጀምሮ ነበር።

ሞታውንን ለማያውቅ ሰው፦ ዲትሮይት ውስጥ የተመሠረተ የሙዚቃ ቤት ነው። መሥራቹ ቤሪ ጎርዲ በወጣትነቱ መኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቷል። ሙዚቃ ቤቱንም እንደ ፋብሪካው ነው ያደራጀው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይጫወታል፣ ሌላው ይዘፍናል፤ በመጨረሻ ተሰብስበው ይመዝኑታል፣ ያለፈው ይወጣል። ሲያወጣም ዓለምን የሚያስጨፍር ሥራ አወጣ፤ ያን አልክድም። ነገር ግን የሚፈለገው የፍቅር ዘፈን ነው፣ 3 ደቂቃ የምትሆን። ማርቪን የጎርዲን እህት አናን አግብቶ ስለነበር አለቃው የሚስቱ ወንድም ነው። ጎርዲ አዲሱን ዘፈን አልወደደውም፤ አይሸጥም አለ። ማርቪንም ይሄ ካልወጣ ሌላ ዘፈን አልቀዳም ብሎ ቁጭ አለ። በጃንዋሪ 1971 ነጠላ ዜማው ሲወጣ ሽቅብ ሄደ፤ በአሜሪካ ዋናው የደረጃ ሰንጠረዥ 2ኛ፣ በጥቁሮቹ ሰንጠረዥ 1ኛ ሆነ። ጎርዲ ሐሳቡን ለወጠ፤ አሁን ሙሉ አልበም ቶሎ አምጣ አለው። ቀረጻው በማርች ወር ውስጥ 10 ቀን ገደማ ፈጀ። ሜይ 21 ቀን 1971 ገበያ ላይ ዋለ። አዘጋጁ ራሱ ማርቪን ነው።

የተቀዳበትን ዝርዝር ሳነብ ደስ ያለኝ ብዙው ነገር በአጋጣሚ መሆኑ ነው። ያ ሳክስፎን የኢላይ ፎንቴን ነው። ፎንቴን ገና መሣሪያውን እያሟሟቀ ነበር። ማርቪን በቃ፣ አገኘነው፣ ወደ ቤትህ ሂድ አለው። ፎንቴን ገና እየቀለድኩ ነው ቢለው፣ እንግዲያው አቀላለድህ ግሩም ነው አለው። ድምፁ ሁለት ሆኖ የሚሰማውም እንዲሁ ነው። ማርቪን ዘፈኑን በሁለት ዓይነት ዘፍኖ ነበር፤ ለመምረጥ። የድምፅ ባለሙያው ኬን ሳንድስ በስህተት ሁለቱን አንድ ላይ አሰማው። ማርቪን እንዳለ ይቀመጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በሙሉ አልበሙ እንደዚያው ሠራበት። አንዱ ድምፅ ይናገራል፣ ሌላው ከጎን ይመልሳል። ሰው ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ከራሱ ጋር ሲማከር ልክ እንደዚህ ነው።

ቤዝ ጊታሩ የጄምስ ጀመርሰን ነው። በአንድ ጣት፣ በጠቋሚ ጣቱ ብቻ ነው የሚመታው። የመጀመሪያውን ዘፈን ሲቀዱ ጠጥቶ ስለነበር መቀመጥ አቅቶት ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ ተጫወተው ይባላል። ማታ ቤቱ ገብቶ ዛሬ ትልቅ ሥራ ሠራን አለ። ባለቤቱ ናት የተናገረችው። ስትሰሙ ቤዙን ብቻ ተከትላችሁ አንድ ጊዜ ስሙት። ዘፋኙ ሲያዝን ቤዙ ይራመዳል፤ አይቆምም። ከሞታውን ዘፈኖች ጀርባ የነበሩት እነዚህ ሙዚቀኞች፣ ፈንክ ብራዘርስ የሚባሉት፣ ስማቸው በሞታውን አልበም ሽፋን ላይ ተጽፎ የወጣው በዚህ አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስንት ዓመት የሌላውን ስም ያነሱ ሰዎች ናቸው! ይህን ያነበብኩ ቀን ሽፋኑን አውጥቼ ስማቸውን አንድ በአንድ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ቤቴ ውስጥ ማንም አልነበረም።

መጀመሪያው ላይ የሚሰማው የወንዶች ሳቅና ሰላምታም ተዋናይ ቀጥረው ያሠሩት አይደለም። ሌም ባርኒና ሜል ፋር የተባሉ የዲትሮይት ላየንስ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ነው፣ ተጫዋቾችና ሌሎች የማርቪን ወዳጆች ናቸው። ተገናኝተው ሰላም ሲባባሉ ነው የምንሰማው። ጋሼ አንድ ቀን ይህን ሲያስረዱኝ፣ የአልበሙ ርዕስ ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው አሉኝ። እኛ ሰፈር ወንድና ወንድ ሲገናኝ የሚለው ነው አሉ። እውነትም ሽፋኑ ላይ ርዕሱ የጥያቄ ምልክት የለውም። አማርኛ ካልን «እንዴት ነው ነገሩ» ነው። እኛም ስንገናኝ እንዴት ነህ፣ እንዴት ከረምክ፣ ደህና ነህ ወይ ብለን እናወርደዋለን፤ መልሱን አንጠብቅም። አንዳንዴ ግን ሰውየው ዝም ይልና እውነቱን ይነግርሃል። አልበሙ ያኔ የሚሆነው ነገር ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ሰላም ይላል፤ ሁለተኛው ቆም ብሎ እውነቱን ይናገራል። ለዚህ ነው ሁለቱ የማይነጣጠሉት።

በሸክላው አንደኛው ገጽ ላይ ያሉት 6 ዘፈኖች ሳይቋረጡ ነው የሚሄዱት። ከሁለተኛው ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ዕፅ ሱስ ነው። ብዙ ወታደር ከቬትናም ሱስ ይዞ ተመልሷል። ሥራ ያጣው ልጅ ወዴት እንደሄደ ማርቪን ሳይነግረን ያሳየናል። ርዕሱ ላይ ያኔ በየቴሌቪዥኑ የሚሰማውን የአንድ አየር መንገድ ማስታወቂያ ነው ያዞረው፤ ያ «ወዳጃዊ ሰማይ» የሚለውን። ሳላውቀው ስንት ዓመት ለስላሳ የፍቅር ዘፈን መስሎኝ ሰምቼዋለሁ። ስውር ነው። ከዚያ ስለ ልጆች፣ ከዚያ ስለ እግዚአብሔር፣ ከዚያ ስለ ተበከለው ባሕርና ሜርኩሪ ስለገባበት ዓሣ። ይህን በ1971 ነው የዘፈነው። የልጆቹን ዘፈን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ እኔ ግን ቃሉን መጀመሪያ እየተናገረ ከዚያ እየዘፈነ ሲደግመው ይከብደኛል። ሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ያለው ረዥሙ ዘፈንም፣ ከ7 ደቂቃ በላይ ነው፣ እስከ መሀሉ ድረስ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጋሼ ግን ሕግ ሕግ ነው ይሉ ነበር፤ አይዘለልም።

የመጨረሻው «ኢነር ሲቲ ብሉዝ» ነው። ለጨረቃ ሮኬት ገንዘብ አለ፣ ለድሃ ግን የለም ይላል፤ ግብሩን፣ ዕዳውን፣ የፖሊሱን ነገር ይቆጥራል። ኮንጋው እንደ ልብ ምት ዝም ብሎ ይሄዳል። ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያው ዘፈን ዜማ ይመለሳል፤ እንደገና እናቱን ይጠራል። ደብዳቤው ወደ ተጀመረበት ይመለሳል።

ከነዚህ ውስጥ 3ቱ በነጠላ ወጥተው 3ቱም አሜሪካ ውስጥ እስከ 10ኛ ባለው ደረጃ ገብተዋል። ሁለተኛው ዘፈን ከነሱ መሀል የለም። ዝናው ከዚያ ወዲህ ማደጉን አላቆመም። በ1985 የእንግሊዙ «ኤንኤምኢ» ጋዜጣ ጸሐፊዎች ከአልበሞች ሁሉ 1ኛ አሉት። በ2003 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው ይቆዩ ካላቸው ቅጂዎች አንዱ አደረገው። «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት በ2003 የ500 አልበሞች ዝርዝሩን ሲያወጣ 6ኛ ነበር፤ በ2020 ዝርዝሩን አድሶ 1ኛ አደረገው። ያን ዓመት ታስታውሱታላችሁ። በሽታው ነበር፣ ሰልፉ ነበር፣ የጆርጅ ፍሎይድ ሞት ነበር። ብዙ ሰው አልበሙ ትንቢት ነው ብሎ ጻፈ። እኔ ትንቢት አልለውም። ማርቪን ስለ ነገ አልዘፈነም። ከወንድሙ አፍ የሰማውን ዘፈነ። ጦርነት ባለበት አገር ሁሉ የሚመለስ ልጅ አለ፤ በር ላይ የምትቆም እናት አለች። ዘፈኑም በየዓመቱ አዲስ የሚሆነው እነሱ አዲስ ስለሚሆኑ ነው።

ለኛ ለዲሲ ሰዎች ሌላም ነገር አለው። ዓለም ማርቪንን የዲትሮይት ያደርገዋል። የተወለደው ግን እዚህ ነው፣ በ1939። አባቱ ሰባኪ ነበሩ። የተማረው ካርዶዞ ትምህርት ቤት ነው፤ ኮረብታው ላይ ያለው። ዛሬ የኛ ልጆችም ይማሩበታል፤ የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የጨረሰችው። ልወስዳት ስሄድ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጠብቃት ነበር። ከዚያ ከተማው ሁሉ ይታያል። በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ልጅ ሆኖ በኖረበት አካባቢ በስሙ የተሰየመ መናፈሻ አለ። ጋሼ የዚያ ሰፈር ሰው ናቸው። «ማርቪን የኛ ሰፈር ልጅ ነው፤ ዲትሮይት ተበድሮን ነው» ይሉ ነበር፣ አምርረው።

በ1972 ሜይ 1 ቀን ከተማው የማርቪን ጌይ ቀን ብሎ ተቀበለው። ካርዶዞን ጎበኘ። ማታ ገና አዲስ በነበረው ኬኔዲ ሴንተር አልበሙን በመድረክ ተጫወተው። ከታሚ በኋላ ከመድረክ ርቆ ነው የቆየው፤ ፈርቶ ነበር። ቅጂው ለብቻው አልበም ሆኖ በ2019 ወጥቷል። አልበሙን ከሁለተኛው ገጽ ነው የጀመረው፤ ያን ሰላምታ ወደ ኋላ አቆየው። ሁለተኛውን ዘፈን እዚያ ሲዘፍነው ስሙት። በተወለደበት ከተማ ቆሞ፣ ድሮ የምንጨፍርበት ቤት አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ራሱ ማርቪን ነው። ያኔ የፍራንኪ ዘፈን የእሱም ሆነ።

መጨረሻው ያሳዝናል። ኤፕሪል 1 ቀን 1984 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ 45 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ አባቱ በሽጉጥ ገደሉት። አልበሙ ላይ አባቱን እየጠራ ነገሩን አናክርረው ብሎ የለመነውን ሳስብ ያን መስመር ቶሎ ማለፍ እፈልጋለሁ። አይዘለልም እንጂ።

ጋሼ ከ6 ዓመት በፊት አረፉ። ከፓርኪንጉ ከወጣሁ በኋላም በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ እደውልላቸው ነበር። ቀብራቸው ላይ ልጃቸው ያን ሲዲ ሰጠችኝ፤ ማቀፊያው ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ላንተ ይሰጥ ብለው ነበር አለችኝ።

ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ጡረታ ሊወጣ ነው። ባለፈው ወር ስደውልለት ሲዲው ክፍት ነበርና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ደረሰ። ስልኩን ወደ ድምፁ አስጠጋሁትና ዝም ብለህ ስማ አልኩት። ሰማ። እንግሊዝኛ ብዙም አይሰማም።

«ምንድነው የሚለው?» አለኝ።

ነገርኩት። ጋሼ እንደነገሩኝ አድርጌ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ከጦርነት የተመለሰ ልጅ ነው፤ ጓደኛውን አግኝቶ ነው። ስለ መጨፈሪያው ቤት፣ ስለ ቡድኑ፣ ስለ ሥራው።

ብዙ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«እና» አለኝ፣ «ሥራ አገኘ?»